ማን ቀረ?

በየቤተሰቡ አንድ የስምሪት ክፍል አለ። ደመወዝ የለውም፣ ቢሮም የለውም፤ ነገር ግን ያለ እሱ ፈቃድ ከበር የሚወጣ እግር የለም። ሰርግ ሲኖር ማን ከማን ጋር በየትኛው መኪና እንደሚሄድ የሚደለድለው እሱ ነው። የታመመ ሰው ሊጠየቅ ሲኬድ ብርቱካኑን ማን እንደሚይዝ የሚወስነው እሱ ነው። ሌላው ገና ጫማውን ሲፈልግ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን እያየ በረጅሙ የሚተነፍሰውም እሱ ነው። ይህን ሰው አላውቀውም የሚል ካለ፣ ወይ ቤተሰብ የለውም ወይ ሰውየው ራሱ ነው።

አብዛኞቹ ይህን ሥራ የሚሠሩት በተሰጥኦ ነው። የአንዲት ፋርማሲስት አባት ግን በሙያም ጭምር ነበር የሚሠሩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ መናኸሪያ የስምሪት ኃላፊ ሆነው ሠርተዋል፤ የትኛው አውቶቡስ፣ በየትኛው ሹፌር፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ሰው ጭኖ እንደሚወጣ የሚወስነው የእሳቸው እስክሪብቶ ነበር። ቢሯቸው መውጫው በር አጠገብ ያለች፣ በሦስት በኩል መስታወት የሆነች ጠባብ ክፍል ነበረች። ወንበር ነበራት፤ ግን ስምሪት ተቀምጦ አይሠራም ብለው ስለሚያምኑ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ኮታቸው ነበር። በመናኸሪያው ስማቸውን የሚጠራ ስላልነበረ ቤት ውስጥም ባለቤታቸው ሳይቀሩ «ስምሪት» ይሏቸው ጀመር። ልጃቸው ፋርማሲስቷ ደግሞ ስታሾፍባቸው «ክቡር ስምሪት» ትላለች።

አውቶቡስ ሲያስወጡ ሥርዓት ነበራቸው። ገብተው ሰዉን በጣታቸው የሚነኩ እስኪመስል አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ይወርዳሉ። በሩ ሊዘጋ ሲል አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ማን ቀረ?» ብለው ይጠይቃሉ። ከውስጥ «ማንም!» የሚል ድምፅ ሲመጣ ወረቀቱ ላይ ይፈርሙና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ። ሂድ ማለት ነው። ሹፌሮቹ ያችን መታ መታ ሳይሰሙ ማርሽ አያስገቡም ነበር፤ አንዱ አዲስ ሹፌር አንድ ቀን ሳይመታለት ተነሥቶ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር መልሰው አምጥተው የአውቶቡሱን ጎን መትተው ሸኝተውታል ይባላል።

ቤቱም የሚተዳደረው በዚሁ ሕግ ነው። ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ ሰው የመውጫና የመመለሻ ሰዓት ይነገረዋል። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ የአርባ ደቂቃ መጠባበቂያ ይያዝለታል። «መጠባበቂያ የሌለው ጉዞ ምኞት ነው እንጂ ጉዞ አይደለም» ማለት ይወዳሉ፤ ይህን ያልሰማ ጎረቤት የለም። በፋርማሲስቷ ሰርግ ቀን አሥራ አራት መኪና አንድ ደቂቃ ሳያዛንፉ አስወጥተዋል። የመጨረሻዋን መኪና ጎኗን መታ መታ አድርገው ከሸኟት በኋላ ግን ለራሳቸው መኪና እንዳላስቀሩ ተገነዘቡና በከተማ አውቶቡስ መጡ። ሲደርሱ ፎቶው ተነሥቶ አልቋል። ይህ ታሪክ በቤተሰቡ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲያስቅ ኖሯል፤ አብዝታ የምታወራውም ፋርማሲስቷ ራሷ ናት።

ሳቋ ሥር ግን አንድ ያልሳቀ ነገር ነበር። አባቷ አብረዋት የሄዱበት አንድም ጉዞ አታስታውስም። ሰው የሚዝናናበት ቀን ሁሉ ለመናኸሪያ የሥራ ቀን ነው። አሥር ዓመቷ ሳለ ትምህርት ቤቷ በአቅራቢያው ወዳለው ሐይቅ ደሴቶች ሽርሽር ሲወስዳቸው፣ የተሳፈሩበትን አውቶቡስ ያስወጡት እሳቸው ነበሩ። እሷንም እንደማንኛዋም ልጅ ቆጥረዋት አለፉ። «ማን ቀረ?» አሉ። ልጆቹ ሁሉ «ማንም!» ሲሉ እሷም አብራ ጮኸች። ከዚያ በኋለኛው መስኮት ዞራ ስታይ አባቷ ወረቀታቸውን ከፍ አድርገው ይዘው፣ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ድረስ ቆመው ነበር። ዛሬ አርባ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል፤ ያን ሁሉ ጊዜ ያን መስኮት አልረሳችውም።

ስለዚህ ክቡር ስምሪት ጡረታ በወጡ በአምስተኛው ወር፣ እናቷም «እሳቸውን መሥሪያ ቤቱ አሳረፋቸው፤ እኔን ማን ያሳርፈኝ» ማለት ሲጀምሩ፣ ፋርማሲስቷ አንድ ሐሳብ አመጣች። መላው ቤተሰብ አንድ ቅዳሜ ወደ ደሴቶቹ ይሂድ። አባቷ እምቢ እንዳይሏት ፈርታ፣ እምቢ ሊሉት የማይችሉትን ነገር ጨመረችበት፤ ፕሮግራሙን እሳቸው ያውጡት አለች። የሰውየው ፊት ያን ዕለት እንደ አዲስ ሹመኛ አበራ።

ሐይቁ ላይ ለጎብኚ የተፈቀዱ አምስት ትንንሽ ደሴቶች አሉ። አሸዋ ያለው፣ ወፍ የበዛበት፣ ዋሻ ያለው፣ አሮጌ የመብራት ማማ የቆመበት፣ አምስተኛው ደግሞ ድንጋይና አንድ ዛፍ ብቻ ያለው፣ ሰዉ «መላጣው» የሚለው። በአንድ ቀን ሁለቱን እንጂ አምስቱን ማዳረስ አይቻልም። ክቡር ስምሪት የሳሎኑን ጠረጴዛ ተረክበው ቤተሰቡን አንድ በአንድ እየጠሩ አነጋገሩ፤ ሠራተኛ የሚቀጥሩ እንጂ ሐይቅ የሚያስጎበኙ አይመስሉም ነበር። ባለቤታቸው ጉልበታቸው ዳገት ስለማይችል አሸዋውን መረጡ። ታላቅ እኅታቸው፣ የፋርማሲስቷ አክስት፣ ዋሻውን አሉ። የፋርማሲስቷ ባል ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነውና የመብራት ማማው ውስጥ ያለውን አሮጌ ማሽን ማየት ፈለገ። ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው መንትያ ልጆቿ አንዷ ወፍ አንዷ ማማ አሉና እዚያው ተኮራረፉ። ፋርማሲስቷም በልጅነቷ ያየችውን አሸዋ አለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ለማመን ሰውየውን ማወቅ ያስፈልጋል። ክቡር ስምሪት ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ማልደው ወደ ሐይቁ ወደብ ሄዱ። ከጠዋት እስከ ቀትር ወደ ውኃው በገባው የእንጨት ድልድይ ጫፍ ላይ ቆመው እያንዳንዱ ጀልባ በስንት ደቂቃ ሄዶ በስንት ደቂቃ እንደሚመለስ በእጅ ሰዓታቸው ለኩ። ነፋስ የሚነሣበትን ሰዓት ጠየቁ። የጀልባዎቹን መቀመጫ ቆጠሩ። አንዱም ጀልባ ላይ ግን አልተሳፈሩም። ፋርማሲስቷ እስከዚያ ድረስ ሄደህ ለምን አንዱን አላየኸውም ብላ ስትጠይቃቸው፣ ጥያቄው ራሱ እንዳስገረማቸው ሁሉ ሥራ ላይ ነበርኩ እኮ አሏት።

በመጨረሻ ውሳኔው ወጣ። ዋሻው ደረጃ ስለሚበዛው ተሰረዘ፤ አክስቷም ተቃውሟቸውን ካስመዘገቡ በኋላ ተቀበሉ። ወፎቹ በዚህ ወር የሉም ተብሎ ተሰረዘ። መላጣው «የሚታይ ነገር የለውም» ተብሎ ተሰረዘ። ጠዋት አሸዋው፣ ከሰዓት የመብራት ማማው ጸደቁ። ፕሮግራሙ በንጹሕ ወረቀት ተገልብጦ መጣ፤ መነሻ ሰዓት፣ መድረሻ ሰዓት፣ መጠባበቂያ፣ የዳቦውን ቅርጫት የሚይዝ፣ መንትዮቹን የሚጠብቅ፣ ከግርጌው የተጓዦች ዝርዝርና የፊርማ ቦታ። ሁሉም እያነበበ ፈረመ። ፋርማሲስቷ በቀን ስንት መቶ የሐኪም ማዘዣ የምታነብ፣ አንዲት ቁጥር ብትዛነፍ ዐይኗ የማያልፋት ሴት ናት። እሷም አንብባ ፈረመች።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ከፕሮግራሙ ሃያ ደቂቃ ቀድመው፣ ወደቡ ላይ ደረሱ። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ከሦስት ሳምንት በፊት በጽሑፍ የተያዘችላቸው ጀልባ ድልድዩ ጫፍ ላይ ታስራለች፤ ጎኗ ላይ በነጭ ቀለም «የመጫን አቅም ስድስት ሰው» ተብሎ ተጽፏል። ጀልባ ነጂው ስድስት የመንሳፈፊያ ጃኬት ደርድሮ ይጠብቃል። ክቡር ስምሪት ወረቀታቸውን አውጥተው ሰዉን በክብደት ሚዛን ያስቀምጡ ጀመር፤ ባለቤታቸውን መሐል፣ እኅታቸውን ከፊት፣ አማቻቸውን ከነቅርጫቱ ከኋላ፣ መንትዮቹን ግራና ቀኝ፣ ልጃቸውን ከመንትዮቹ መሐል። ጃኬቱን የእያንዳንዱን ማሰሪያ ራሳቸው ሳብ አድርገው አዩ። ቆጠሩ። ስድስት። ወረቀቱንም አዩ። ስድስት። በሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ድልድዩ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ቆሙ።

«ማን ቀረ?» አሉ።

«ማንም!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፤ ከልማድ ነው። የመዳፋቸው የመጀመሪያ ምት የጀልባዋን ጎን ነካ። ሁለተኛው ሳይደርስ፣ ከመንትዮቹ ታናሽዋ ራሷን ቀና አድርጋ አያቷን አየቻቸው።

«አባባ፣ አንተ ቀረህ እኮ» አለች።

ክቡር ስምሪት መዳፋቸውን አየር ላይ እንዳንጠለጠሉ ወረቀቱን አዩት። ከላይ ወደ ታች አነበቡት፤ ደግመው ከታች ወደ ላይ አነበቡት። ስድስት ስም፣ ስድስት ፊርማ። ከስሞቹ በላይ «ፕሮግራሙን ያዘጋጀው» ተብሎ የእሳቸው ፊርማ አለ። አክስቷ ሊስቁ ጀምረው አቆሙ። ፋርማሲስቷ የራሷን ፊርማ ከሩቅ አየችው። እሳቸው ራሳቸውን ቢረሱ የሙያ ልማድ ነው፤ እኛ ስድስታችን አንብበን አባታችን የሌሉበትን ወረቀት ምንም ሳይጎድልብን የፈረምነው ከምን ልማድ ነው? ይህን ስታስብ በሰርጉም፣ ያን ሁሉ ዓመት ባወራችው ቀልድም አፈረች።

አማቹ ሰባት ሰው ቢሆን ምን ይላል ብሎ ጀልባ ነጂውን ለመነው። ሰውየው በጎኗ የተጻፈውን አሳየ፤ ሌሎቹ ጀልባዎች ደግሞ ሁሉም ወጥተዋል። ለሰውየው ከማንም ቀድመው የቆሙለት ክቡር ስምሪት ነበሩ።

«ልክ ነው» አሉ። «ትርፍ አይጫንም። ስንቱን ሹፌር በትርፍ ቀጥቼ ዛሬ ለራሴ ሲሆን ልፈቅድ ነው? እናንተ ሂዱ። ትርፉ እኔ ነኝ። እዚሁ ሆኜ እጠብቃችኋለሁ፤ እንዲያውም መመለሻችሁን እቆጣጠራለሁ።»

ይህን ሲሉ ያዘኑ ሰው አይመስሉም ነበር፤ ፋርማሲስቷን የጎዳትም ይኸው ነው። ቦታቸውን ያገኙ ሰው ነበር የሚመስሉት። ድልድዩ ጫፍ ላይ እግራቸውን አንፈራጠው ቆመው ሰዓታቸውን አዩ። ቢያለቅሱ ታባብላቸው ነበር፣ ቢቆጡ ትመልስላቸው ነበር፤ በቀረባቸው ነገር ደስ የሚላቸውን ሰው ግን ምን ይሏቸዋል?

ጃኬቷን አውልቃ ከጀልባዋ ወረደች። እናቷ ወዴት ነው አሏት። አባቷ ፊት ቆማ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰደች፤ በሠላሳ አንድ ዓመት ከዚያ እጅ ወረቀት የነጠቀ ሰው አልነበረምና ክቡር ስምሪት ሳይከላከሉ ለቀቁት።

«አባዬ» አለች፣ «ሁላችንንም ጠይቀህ ነበር። አንተ የትኛውን ነበር የምትፈልገው?»

እሳቸውም አሸዋው ለእናትሽ ጉልበት ጥሩ ነው ብለው ጀመሩ። እሱን አይደለም አለች። ማማውን ባልሽ ስለሚወደው አሉ። እሱንም አይደለም አለች። ከጀልባዋ እናቷ፣ ባላቸውን በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ሲጠሩ እንደኖሩት ሁሉ፣ ግን ማንም ሰምቶት በማያውቀው ቀስ ባለ ድምፅ፣ «ስምሪት፣ ልጅቱ ጠይቃሃለች፤ መልስላት እንጂ» አሉ።

ክቡር ስምሪት ወደ ሐይቁ ዞሩ። በእጃቸው ያመለከቱት አሸዋውንም ማማውንም አልነበረም።

«ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም» አሉ። «እነዚያን ሦስት ቅዳሜዎች እዚህ ስቆም ከፊቴ የነበረው እሱ ነው፤ መላጣው። ሰው ከዚህ ሲሄድ አያለሁ፤ ሲርቅ አያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመትም ያየሁት ይህንኑ፣ ሰው ሲሄድ ነው። እዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ወደዚህ የሚያይ ሰውስ፣ ይኼ ሸኚ የሚቆምበት ቦታ ምን ይመስለው ይሆን እል ነበር። ለዚህ ብዬ ግን ስድስት ሰው ድንጋይ ላይ አላውልም። የሚታይ ነገር የለውም።»

ፋርማሲስቷ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሳቸው መዘዘች። አሸዋውን ሰረዘች። ማማውን ሰረዘች። በሁለቱም ቦታ «መላጣው» ብላ ጻፈች። በሐኪም ማዘዣ ላይ እንዲህ ያለ ስርዝ ድልዝ ቢመጣላት አትቀበለውም ነበር። ከዚያ ለጀልባ ነጂው ስንት ደቂቃ ነው አለችው። ሰውየው ግን አልቀደመም፤ ክቡር ስምሪት ሳያስቡት «መሄጃው አሥራ ሁለት፣ መመለሻው አሥር» አሉ። እንግዲያውስ ጀልባዋ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች ተባለ፤ መጀመሪያ አባት፣ እናት፣ አክስትና መንትዮቹ፤ ቀጥሎ እሷና ባሏ ከነቅርጫቱ። አክስቷ ዋሻ ይሉት ነገር ድሮም አልፈልግም ነበር ብለው አስመዘገቡ። ታላቋ መንታ ማማዬስ ብላ ልታኮርፍ ስትል እኅቷ በክርኗ ጎሰመቻትና ነገሩ በዚያው አለቀ።

አማቹ ወርዶ የራሱን ጃኬት ለክቡር ስምሪት አለበሳቸው። ማሰሪያውን ሳብ አድርጎ ያየላቸው እሱ ነው። ክቡር ስምሪት አንድ እግራቸውን ጀልባዋ ውስጥ ካስገቡ በኋላ ቆሙ። ስንቱን ሰው ስንት ወንበር ላይ ያስቀመጡ ሰው የራሳቸውን ወንበር ሊያገኙት አልቻሉም። ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። እጃቸውንም አልለቀቁም። በጋብቻ አርባ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ በመቀመጫ ጎን ለጎን ሆነው ሲጓዙ ግን የመጀመሪያቸው ይሆን ይሆናል፤ ፋርማሲስቷ ቆጥራ ሌላ አላገኘችም።

እሷም ድልድዩ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ከጀልባዋ ውስጥ የታወቀው ጥያቄ መጣ፤ በዚህ ጊዜ ግን ተቀምጠው ነው የጠየቁት።

«ማን ቀረ?»

«እኔ» አለች። «ግድ የለም አባዬ፣ መጠባበቂያ ይዤልሃለሁ። እመጣለሁ።»

ጎንበስ ብላ የጀልባዋን ጎን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች። ጀልባ ነጂው የምልክቱን ትርጉም ስላላወቀ ዝም ብሎ ሞተሩን ሊያስነሣ ገመድ ይስብ ነበር። ክቡር ስምሪት ግን ያችን ድምፅ ከውስጥ ሆነው ሰምተዋት አያውቁም ነበር። ወገባቸውን ቀና አድርገው ተቀመጡ፤ ወደ ልጃቸውም ዞረው ቀሩ።

ጀልባዋ ራቀች። ፋርማሲስቷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ይዛ ቆማለች። ባሏ አጠገቧ ቅርጫቱ ላይ ተቀምጦ፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፣ አንቺም አረፍ በይ አላት። አልተቀመጠችም። ሽማግሌው በውኃው ላይ እያነሱ እያነሱ ሲሄዱ፣ አንገታቸውን አንድ ጊዜም ወደ ፊት ሳይመልሱ እሷን ሲያዩዋት ታያለች። አንዴ እጃቸውን አነሡ፤ ወረቀት ያልያዘ እጅ ሲወዛወዝ እንደማያውቅበት ያስታውቅ ነበር። ያን ጊዜ፣ በአሥር ዓመቷ፣ አባቷ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ የቆሙት ዕድሜዋን ሙሉ ሥራቸው ስለሆነ ይመስላት ነበር።

ዛፉ ሥር አንዲት ትንሽ ነጭ ነገር፣ የአባቷ ሸሚዝ፣ ወጥታ ስትቀመጥና ወደ እሷ ስትዞር እስክታይ ድረስ እጇን አላወረደችም።